ከፒያሳ ወደ ቱሉ ጉዶ፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን፦ ጀልባው፣ ንፋሱ፣ ውሃው

ፒያሳ_ማለዳ

ጤና ይስጥልኝ ለዚህ ቤት ሰዎች። ስድስት ሆነን፣ ከመካከላችን ሁለቱ ልጆች ናቸው (9 እና 12 ዓመት)፣ ቅዳሜ ከፒያሳ ተነስተን ዝዋይ ሐይቅ ላይ ያለው ቱሉ ጉዶ ደሴት ውለን ማታውኑ ቤታችን መግባት አስበናል። ሎጅ፣ ሙዚቃ፣ የፕላስቲክ ወንበር አንፈልግም። ምንም ያልተሠራበት ዳርቻ፣ ዛፍ ሥር ምሳ፣ ከተቻለ ደግሞ ዋና። ስንት ሰዓት እንነሳ? በመኪና ይሻላል ወይስ በሕዝብ ትራንስፖርት? ጀልባ ስንከራይ ምን እንይ? ልጆቹ ውሃ ቢገቡስ?

ሞጆ_መገንጠያ

ሰዓቱን ከመመለሻው ጀምረህ ወደ ኋላ ቁጠረው። ይህ ጉዞ የሚበላሸው ሰው ከመነሻው ጀምሮ ሲቆጥር ነው። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከቀትር በኋላ ንፋስ ይነሳል። ስለዚህ ደሴቱን የምትለቁት ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 6 ተኩል። ከባቱ (የዝዋይ ከተማ ሌላ ስሟ ነው) ጀልባ ማቆሚያ እስከ ቱሉ ጉዶ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ደሴቱ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ ለመቆየት ጀልባው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ መንቀሳቀስ አለበት። ለዚህ ደግሞ 1 ሰዓት ላይ ባቱ ገብታችሁ ቁርስ መጀመር፣ ከፒያሳም ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል መነሳት ነው። ልጆቹ መኪና ውስጥ ይተኛሉ፣ አታስብላቸው።

መንገዱ በጎተራ፣ ሳሪስ፣ ቃሊቲ አድርጎ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ አዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ያስገባሃል። አዳማ ድረስ አትሂድ። ሞጆ ላይ ወጥተህ ወደ ሐዋሳ የሚዘረጋውን ፈጣን መንገድ ያዝ፤ ሞጆ–መቂ 56፣ መቂ–ባቱ 37 ኪሎ ሜትር ነው። ጠቅላላው 160 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በአሮጌው መንገድ በቆቃና በዓለም ጤና በኩልም ይደረሳል። ግን በጨለማ ከብት፣ ጋሪ፣ መብራት የሌለው ባጃጅ ያጋጥምሃል፤ ለሌሊት ጉዞ አልመክረውም። ዋዜማውን ማታ ደግሞ እዚያው ላለ ሰው ደውለህ የመንገዱን ሁኔታና ጸጥታ ጠይቅ። ከጀልባው ባለቤት ጋር ስትነጋገር አብረህ ብትጠይቀው ይበቃል።

ቃሊቲ_ተሳፋሪ

የሕዝብ ትራንስፖርቱን እኔ ልመልስ። ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስም አውቶቡስም አለ። ረዳቶቹ «ዝዋይ! ዝዋይ!» እያሉ ነው የሚጣሩት፤ ሰሌዳው ላይ ባቱ ተጽፎ ብታይ አንድ ከተማ ነውና አትደናገር። ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚወስደው ቀላል ባቡር በርካሽነቱ አይታማም፣ ግን ለዚህ ጉዞ አይደርስልህም። ባቡሩ ሥራ እስኪጀምር፣ አንተም ቃሊቲ እስክትደርስ፣ መኪናው እስኪሞላ ሰዓቱ ይነጉዳል፤ ባቱ የምትገባው 4 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ቱሉ ጉዶ መነሳት ማለት በንፋስ መመለስ ማለት ነው።

በሕዝብ ትራንስፖርት የሚሄድ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አርብ ከሰዓት ወርዶ ባቱ ማደር፣ ወይም ቱሉ ጉዶን ትቶ እዚያው ከማቆሚያው አቅራቢያ ያለውን የወፎች ደሴት ዞሮ መመለስ። ሁለተኛው አጭር ነው፣ ወፉም አያሳፍርም።

ፒያሳ_ማለዳ

መኪና አለን፣ እንግዲያው በእሱ። አንድ ነገር ግን፦ የደሴቱ ሰዎች ለገበያ የሚመላለሱበት የሕዝብ ጀልባ አለ ሲሉ ሰማሁ። ሙሉ ጀልባ ከመከራየት በእሱ መሄድ አይቻልም?

ደምበል

አለ፤ ግን አቅጣጫው ከአንተ ጋር ተቃራኒ ነው። ያ ጀልባ የሚሠራው ለደሴቱ ሰው ነው። ጠዋት ከደሴቱ ሰውና ዕቃ ጭኖ ወደ ገበያ ይመጣል፣ ከሰዓት ሸመታቸውን ይዞ ይመልሳቸዋል። አንተ በሱ ብትሄድ ከሰዓት በኋላ ደሴቱ ላይ ትወርዳለህ፣ መመለሻህ ሌላ ቀን ይሆናል። ማደሪያ ቤት የለም። ድንኳን ይዘው፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስፈቅደው ለሚያድሩ ጥሩ ነው፤ ለደርሶ መልስ አይሆንም። በዚያ ላይ ከሰዓት የሚመለሰው ጀልባ እህሉም ጀሪካኑም ሰውም ተደራርቦበት፣ ንፋሱም ተነስቶ ነው የሚሄደው። ከልጆች ጋር አይሞከርም።

ስለ ንፋሱ ትንሽ ልጨምር፤ ሰው «ሐይቁ እኮ ጥልቀት የለውም» እያለ ይንቀዋል። እውነት ነው፣ ዝዋይ ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል ያህል፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 9 ሜትር አካባቢ። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ንፋሱ ሰፊ ሜዳ አግኝቶ ይገፋል፣ ማዕበሉ ግን ወደ ታች የሚዘረጋበት ስለሌለው አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ጀልባው አንዱን ሳይጨርስ ሁለተኛው ይመታዋል፣ ውሃው በጠርዙ ይገባል። ሐይቁ ላይ ነጭ አረፋ ማየት ከጀመራችሁ ከደሴቱ አትነሱ። ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ወደ ማምሻው ይበርዳል። ጀልባ ነጂው «ምንም አይልም» ቢልም እናንተ ከፋዮች ናችሁ፣ እምቢ በሉ።

በሐምሌና በነሐሴ ጭራሽ አትሂዱ። ዝናቡ አይደለም ችግሩ፤ መብረቅ ሲጥል ሐይቅ መሃል ከጀልባ በላይ ከፍ ያለ ነገር የለም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይሻላል።

ካንዴላ

ጀልባው ላይ ምን ይታይ ላልከው። ብዙዎቹ የብረት ወይም የፋይበር አካል ያላቸው፣ ኋላቸው ላይ ሞተር የተሰቀለላቸው ናቸው። ቀለሙን ተወው፣ ቀለም አያንሳፍፍም። እንዲህ አድርግ፦

መጀመሪያ ሁላችሁም ከነዕቃችሁ ገብታችሁ ቦታ ቦታችሁን ያዙ፣ ከዚያ ከውሃው እስከ ጀልባው ጠርዝ ያለውን ለካ። ዝቅ ባለው ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል፣ ካልቀረ ጭነቱ በዝቷል። ዕቃ ቀንስ ወይ ጀልባ ቀይር። ከባድ ሰዎች መሃል፣ ልጆች ከአዋቂ ጎን፤ ሁሉም ሰው ኋላ ሞተሩ አጠገብ አይከማች፣ አፍንጫው ሽቅብ ይነሳና ነጂው ፊቱን አያይም።

ሁለተኛ፣ ሞተሩን እዚያው ማቆሚያው ላይ ያስነሳልህ። ሲነሳ ከሞተሩ ጎን ወይም ኋላ በቀጭን ቀዳዳ የውሃ ክር ፊጭ ይላል። ያ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ መዞሩን ነው የሚነግርህ። ክሩ ከሌለ ወይም ከተንጠባጠበ አትነሳ። መንገድ ላይም ልጆቹን «ክሩን ጠብቁ» ብለህ ሥራ ስጣቸው፤ ከቆመ ለነጂው ይጮሁለታል። ዝዋይ ላይ እንቦጭ ገብቷል፤ ቅጠሉና ሥሩ የውሃ መሳቢያውን ይደፍነዋል፣ ፕሮፔለሩ ላይም ይጠመጠማል። በዚህ ላይ የዓሣ አጥማጆች መረብ አለ። የተደፈነ ሞተር ዝም ብለህ ከነዳኸው በደቂቃዎች ውስጥ ግሎ ይነክሳል፣ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ ይቆማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አጥፍቶ ሞተሩን ወደ ላይ ማንሳት፣ በእጅ መንቀል፣ መረብ ከሆነ በቢላ መቁረጥ። ቢላ ግን መኖር አለበት።

ሦስተኛ፣ የመሣሪያ ከረጢቱን ክፈትልኝ በለው፣ አትፈር። ትርፍ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰው)፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ትርፍ የማስነሻ ገመድ መኖር አለበት። አንዳንድ ሞተር ፕሮፔለሩን የሚይዝ ትንሽ ፒን አለው። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ የሞተሩ ጥርስ እንዳይሰበር ፒኑ ቀድሞ ይቆረጣል። ያን ጊዜ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባው አይንቀሳቀስም። ትርፍ ፒን ካለ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ከሌለ መቅዘፍ። ስለዚህ ሁለት መቅዘፊያም ቁጠር። አንድ መቅዘፊያ ጀልባውን ያዞረዋል እንጂ ወደ ፊት አይወስደውም።

ፒያሳ_ማለዳ

እግዜር ይስጥልኝ ካንዴላ። ነዳጁንስ በምን አውቃለሁ? ባለ ጀልባው «ሙሉ ነው፣ አታስብ» ካለኝ አለቀ ማለት ነው።

ካንዴላ

አላለቀም፣ ይሰላል። ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት ሲሄድ በሰዓት 10 ሊትር አካባቢ ይጠጣል። ባለ 15 ከሆነ 6 ወይም 7፣ ባለ 40 ከሆነ 16 አካባቢ። ለመሄጃ አንድ እጅ፣ ለመመለሻ አንድ እጅ፣ ለክፉ ቀን አንድ እጅ ያዝ። መንገዱ አንድ ሰዓት ከሆነና ሞተሩ 25 ከሆነ 10 ሲደመር 10 ሲደመር 10፣ በጥቅሉ 30 ሊትር። ሦስተኛው እጅ ትርፍ እንዳይመስልህ። ከፊት ንፋስ ጋር ስትታገል ያው 14 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ይሄዳል።

ባለ ሁለት ምት ቤንዚን ላይ ዘይት ይቀላቀላል። የተለመደው ልክ 50 ለ 1 ነው፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። ዘይቱ ካነሰ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ከበዛ ካንዴላው ይጠቁርና መሃል መንገድ ላይ ይጠፋል። ጀሪካኑ ሲንቀሳቀስ ታች የተኛ ውሃ ካለው ያው መጥፋት ነው፤ በፊልትሮ ወይም በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ ይሙላ። ባለ አራት ምት ሞተር ከሆነ ቤንዚኑ ላይ ዘይት አይጨመርም።

ዋናው ግን ይህ ነው፦ ማደያዎች ቤንዚን በጀሪካን አይሸጡም፣ ሲሸጡም በፈቃድና በሰልፍ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ «ነዳጅ ልፈልግ» ብሎ የወጣ ባለ ጀልባ 4 ሰዓት ይመለሳል። ሐሙስ ደውልለት፣ አርብ ማታ ጀሪካኑ መሙላቱን አረጋግጥ። ካልሞላ ጉዞውን አርብ ማታ ሰርዝ፣ ቅዳሜ ባቱ ደርሰህ አይደለም።

ዋጋውን በሰው ሳይሆን በጀልባ ተነጋገር፤ ደርሶ መልስ፣ ደሴቱ ላይ የሚጠብቅበት ሰዓት፣ ነዳጅ፣ ሁሉም አብሮ። ግማሹን ስትሳፈር፣ ግማሹን ስትመለስ ክፈል። እያንዳንዱ ነገር በስም ካልተጠራ «የመጠበቂያ» የሚባል ሒሳብ መመለሻ ላይ ይወለዳል።

ደምበል

ካንዴላ ያልነገራችሁ መልሕቅ ነው። ሞተር ሲጠፋ ንፋሱ ጀልባውን ጎኑን ለማዕበሉ ሰጥቶ ይወስደዋል፣ የሚገለበጠውም ያኔ ነው። ጥልቀት ማነሱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ መልሕቅ ሐይቁ መሃል እንኳ መሬት ይነካል። ገመዱ የጥልቀቱን 5 እስከ 7 እጥፍ ይሁን። 4 ሜትር ውሃ ላይ 25 ሜትር ገመድ ማለት ነው። አጭር ገመድ መልሕቁን ሽቅብ እየነቀለ ይጎትተዋል። የሚታሰረው ከፊት አፍንጫው ላይ ነው፣ ከኋላ በፍጹም፤ ከኋላ ከታሰረ ማዕበሉ ሞተሩ ባለበት ዝቅ ባለው በኩል ይገባል። መልሕቅ ከሌለ ጀሪካን ግማሹን ውሃ ሞልታችሁ በረጅም ገመድ ከአፍንጫው ማሰር ጀልባውን ፊቱን ወደ ንፋሱ ያዞረዋል።

ጉማሬም አለ። ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ማለዳና ምሽት ከደንገሉ ዳር ነው። ነጂው ደንገል ለደንገል ተጠግቶ እንዳይሄድ ንገሩት። ደሴቱም ላይ ሆነ ማቆሚያው አካባቢ በጉማሬና በውሃው መካከል አትቁሙ።

አጉሊ_መነጽር

ስለ ውሃው ማንም አልመለሰም፣ ጥያቄው ግን እሱ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ፤ በተደጋጋሚ የተጠና ነው። የአንጀቱ ዓይነት ነው። በዳርቻው ሣርና ደንገል ላይ የሚኖር ቀንድ አውጣ ትሉን ወደ ውሃ ይለቃል፣ ትሉ በደቂቃዎች ውስጥ ጤነኛ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፣ ውሃ መጠጣትም አያስፈልግም። ቀንድ አውጣው በብዛት የሚለቀው ፀሐይ ሲጠነክር፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። እናንተ ደሴቱ ላይ የምትሆኑበት ሰዓት ማለት ነው።

ስለዚህ ልጆቹ አይዋኙ። ሰዎች «ዋና ነው የተከለከለው» ብለው ጫማቸውን አውልቀው ከጀልባ ሲወርዱ እስከ ጉልበት ይገባሉ፤ ለትሉ ልዩነት የለውም። እንዲያውም ጥልቀት የሌለው፣ ሣር ያለበት ዳር ከመሃሉ የባሰ ነው። ለመውረጃ ሳንቃ ይኑር፤ ካልሆነ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማ ይዛችሁ አዋቂዎቹ ልጆቹን ተሸክመው ያውርዱ። «ቶሎ በፎጣ ካሸሁት ይወጣል» የሚባለው አያስተማምንም፣ ድንገት ለነካው ሰው ከምንም ይሻላል እንጂ። ከሐይቁ ተቀድቶ ወዲያው ለመታጠቢያ የሚውል ውሃም ያው ነው። ሁለት ቀን በዕቃ የቆመ ወይም የፈላ ውሃ ግን ትሉ አይተርፍበትም።

ሁለተኛው ስህተት መድኃኒቱ ላይ ነው። ከሐይቅ እንደተመለሱ ፋርማሲ ገብተው ፕራዚኳንቴል የሚውጡ አሉ። መድኃኒቱ የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፣ አዲስ የገባውን አይነካውም። ውሃ የነካው ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይመርመር። የሰገራ ምርመራ ሲደረግ አንድ ናሙና አይበቃም፤ ትሉ ጥቂት ከሆነ እንቁላሉ በየቀኑ ስለማይገኝ የተለያየ ቀን ናሙና ስጡ፣ ሐይቅ መግባታችሁንም ለባለሙያው ንገሩ። ካልነገራችሁት አሜባና ጃርዲያ ፈልጎ ይሸኛችኋል። በመሃል፣ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው፣ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የቆዳ ማሳከክ ከመጣ ሳምንቱ እስኪሞላ አትጠብቁ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ወባም አካባቢው ላይ አለ፤ ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1636 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ እንዳላችሁ አትቁጠሩት። ትንኟ በአብዛኛው ከምሽት ጀምሮ ነው የምትነክሰው፤ ከመምሸቱ በፊት ከባቱ ከወጣችሁ ሥጋቱ ይቀንሳል። ከሳምንት በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ተመርመሩ።

ፒያሳ_ማለዳ

ዋና ከሌለማ ልጆቹን ምን ልበላቸው 😅 ላንጋኖ ብንሄድስ? ቢልሃርዚያ የለበትም ይባላል።

ሻላ_ዳር

እንዲህ ይባላል፣ ለዚህም ነው የአዲስ አበባ ሰው ለዋና ላንጋኖ የሚወርደው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ውሃው ቡናማ ቢሆንም የሚዋኝበት አሸዋማ ዳርቻ አለው። ግን ዳርቻው በአብዛኛው የሎጅ ነው፤ አንተ ደግሞ ሎጅ አልፈልግም ብለሃል። ምረጥ። ዋና ከሆነ ላንጋኖ፣ ባዶ ደሴት ከሆነ ቱሉ ጉዶ። «ጠዋት ደሴት፣ ከሰዓት ላንጋኖ» የሚል ዕቅድ ግን አታውጣ። ከሐይቁ 7 ተኩል ወጥተህ፣ ምሳ በልተህ ላንጋኖ ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነው፣ ከዚያ ሌሊት 200 ኪሎ ሜትር።

ስለ ቱሉ ጉዶ ዳርቻም አንድ ነገር ልንገርህ። የውጭ አገር ሥዕል ላይ ያለ ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ውሃ አትጠብቅ። ደሴቶቹ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው፤ ዳሩ ጠጠር፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ደንገል ነው፣ ውሃውም የደፈረሰ ነው። ደስ የሚለው ከዳሩ ጀርባ ያለው ዳገት ነው። የእርከን እርሻው፣ ላይ ሲወጣ ሐይቁ ዙሪያውን መታየቱ፣ በደንገል ታንኳ የሚያልፈው ዓሣ አጥማጅ። ልጆቹን ለውሃ ሳይሆን ለዳገትና ለወፍ አዘጋጃቸው፤ የጠፋባቸው ነገር አይመስላቸውም። ዳገቱን ግን ፀሐይ ሳይከር፣ እንደወረዳችሁ ውጡ። ምሳው ሲወርዱ ነው።

ነጠላ_ለባሽ

ደሴቱ ባዶ አይደለም፣ ይህን እንዳትረሱት። ዛዮች የሚኖሩበት አገር ነው። በዛይኛ ይነጋገራሉ፣ ኦሮምኛና አማርኛም ታገኛላችሁ። ያገኛችሁት ባዶ ዳርቻ የአንድ ሰው ውሃ መቅጃ ወይም ልብስ ማጠቢያ ሊሆን ይችላል፤ ምንጣፍ ከመዘርጋታችሁ በፊት ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ። በዋና ልብስ መንደር ለመንደር መዞር አይሆንም። ሰውም ታንኳም ፎቶ ስታነሱ አስፈቅዱ።

ደሴቱ ላይ ያለችውን ደብረ ጽዮን ማርያም ለመሳለም ከሆነ ሴቶች ነጠላ ይያዙ፣ ሁሉም ጫማውን ያውልቅ። በአገሬው ትውፊት ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ታቦተ ጽዮንን ይዘው የሸሹ ካህናት ያረፉት እዚህ ነው፤ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትም አሉ። ብራናውን «አሳዩን» ማለት ብቻውን በር አያስከፍትም። ኃላፊው ካህን መኖር አለበት፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የሚከፈለውም በደረሰኝ ይሁን። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ እስኪያበቃ ጠብቁ። ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ናት፤ ለንግሥ ካልሆነ በስተቀር በዚያ ሰሞን አትምጡ፣ ጀልባ በሰው ይሞላል።

ድፎ

ስንቅ። ደሴቱ ላይ ገዝቼ እበላለሁ የሚል ይራባል። ውሃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር፣ ለስድስት ሰው 18። የታሸገ ይሁን፣ ወይም ከቤት በንጹሕ ጀሪካን፤ የቤንዚኑ ጀሪካን አጠገብ ግን አይቀመጥ፣ ክዳኑ ትንሽ ቢላላ ውሃው ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ምግቡ ሙቀት የሚችል ይሁን፦ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ ፍርፍር፣ ሙዝ። ማዮኔዝ ያለበት ሳንድዊችና የተፈጨ ሥጋ ሌሊት 10 ሰዓት ከቤት ወጥቶ ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ሲበላ አያምርም። ጨው የበዛበት ምግብ ውሃ ያስጨርሳችኋል። ጥላ በሁሉም ቦታ የለም፤ አንድ ትልቅ ጋቢ ወይም ሸራና ገመድ ያዙ። ሰንስክሪን በየሁለት ሰዓቱ፤ ሐይቅ ላይ ፀሐይ ከላይም ከታችም ነው የምትመጣው፣ አገጭና የአፍንጫ ሥር ይቃጠላል። የላስቲክ ከረጢት ይኑራችሁ፣ ያመጣችሁት ቆሻሻ ከእናንተው ጋር ይመለስ፤ ደሴቱ ላይ የሚያነሳው መኪና የለም።

ትኩስ ምሳ ከፈለጋችሁ ለመመለሻ አቆዩት። ባቱ ማቆሚያው አካባቢ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተጠብሶ፣ ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ዱለት አለ። ዓይኑ ጎላ ያለና ስንጥቡ ቀይ የሆነውን አሳይተው ይጥበሱላችሁ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ዙሪያችሁን ይቆማሉ፣ ልጆቹ በእጃቸው እንዳያጎርሱ፤ ያ አፍ የዓሣ አጥንት ይሰብራል።

ፒያሳ_ማለዳ

ስለዚህ፦ ሐሙስ መደወል፣ አርብ ማታ ነዳጅ ማረጋገጥ፣ ሌሊት 10 ተኩል መነሳት፣ 2 ሰዓት ጀልባ፣ መጀመሪያ ዳገት፣ ከዚያ ምሳ፣ 7 ሰዓት ላይ ከደሴቱ መነሳት፣ ባቱ ዓሣ፣ ማታ ቤት። ዋና የለም፣ ቦት ጫማ አለ። የረሳሁት?

ደምበል

7 ሰዓት አይደለም፣ 6። አሁኑኑ አርመው። ሰው ሁሉ «አንድ ሰዓት ምን ያመጣል» እያለ ነው ማዕበል ውስጥ የሚገባው። ጀልባ ነጂውም ከመነሳታችሁ በፊት ከአንተ አፍ ይስማው፤ አንዳንዱ ደሴቱ ላይ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ይጠፋል።

ቃሊቲ_ተሳፋሪ

መኪናውን ማቆሚያው ላይ ለጠባቂ ስጡ፣ ቁልፉን ግን አይደለም። ቁልፉ፣ ስልኩ፣ ገንዘቡ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ ታስሮ ከጀልባው ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር ይሁን።

ፒያሳ_ማለዳ

6 ብዬ አርሜዋለሁ ጋሼ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ላይፍ ጃኬት እዚያ ይሰጣሉ ወይስ ከዚህ ይያዝ?

ካንዴላ

ለአዋቂ እዚያ ታገኛለህ፣ የልጅ ልክ ግን አትተማመን። ስታዲየም ዙሪያ ያሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ውስጥ ጠይቅ። በአየር የሚነፋውንና የመዋኛ ገንዳ መጫወቻውን አትግዛ፤ ውስጡ ጠንካራ ስፖንጅ ያለው፣ የሚችለው ክብደት የተጻፈበት፣ ከጭንቅላት ኋላ ድጋፍ ያለው፣ በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሁን። ስፖንጁን ጨምቀው፤ ተጨምቆ ካልተመለሰ አርጅቷል። ለልጁ አልብሰህ ሁሉንም ማሰሪያ ቆልፍና ከትከሻው ላይ ይዘህ ሽቅብ ሳበው። ጃኬቱ ጆሮው ድረስ ከወጣ ሰፍቶታል፣ ውሃ ውስጥም እንዲሁ ይወጣበታል። እዚያ የሚሰጣችሁንም የአዋቂ ጃኬት በዚሁ ፈትኑት፣ መቆለፊያው አንድ እንኳ ከተሰበረ ሌላ ጠይቁ። የሚለበሰውም ጀልባው ሳይነቃነቅ ነው፣ ሙቀቱ ቢያስቸግርም መቀመጫ አታድርጉት። የ9 ዓመቱን ልጅ ደግሞ ከቅዳሜ በፊት መዋኛ ገንዳ ወስደህ ለብሶ ይሞክረው።